«እኔ» የፍልስፍና መሠረት መሆን ይችላል? በራሳችሁ ፈትሹት

የፍልስፍና ክርክር ሲጦፍ አንድ ሰው ብድግ ብሎ እንዲህ ማለቱ አይቀርም፦ «ሌላው ሁሉ ሊጠረጠር ይችላል፤ እኔ መኖሬ ግን አይጠረጠርም። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከእኔ ነው።» ቤቱ ጸጥ ይላል። መልስ ያለው አይመስልም። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ሰውየው ሁለት ነገር አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው ያስረከባችሁ። መኖሬ አይጠረጠርም ማለት አንድ ነገር ነው። ሁሉም ነገር ከእኔ ይጀምራል ማለት ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያው እውነት ሆኖ ሁለተኛው ውሸት ሊሆን ይችላል፤ መሃል ላይ ያለችው «ስለዚህ» በነጻ የገባች ናት።

ይህ ጽሑፍ ያቺን «ስለዚህ» እንዴት እንደምትፈትሹ ያሳያል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ኋላ ደበቅክብን እንዳትሉኝ። «እኔ» ጥሩ መነሻ ነው፤ መሠረትነት ግን ይከብደዋል። እርግጠኛ የሚሆነው ባዶ እስከሆነ ድረስ ነው። የሆነ ነገር እንዲሸከም ብላችሁ ይዘት ስትሰጡት እርግጠኝነቱ ይሸሻል። አትመኑኝ፤ ሞክራችሁ እዩት። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ አንድ ሰማያዊና አንድ ቀይ እስክሪብቶ፣ እንዲሁም ስልክ የማይጮህበት አንድ ሰዓት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

መጀመሪያ ግን «መሠረት» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ይህን ሳይጠይቁ የሚጀምሩ ሰዎች ናቸው አንድ ቦታ ሲዞሩ የሚውሉት። ቃሉ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ይሸፍናል። አንደኛው እርግጠኝነት ነው፤ ምንም ዓይነት ጥርጣሬ ፍንክች የማያደርገው ነገር። ሁለተኛው ምንጭነት ነው፤ ሌሎች እውነቶች እየተመዘዙ የሚወጡበት ነገር፣ የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ከጥቂት መነሻ ሐሳቦች ተነስቶ ጂኦሜትሪውን እንደዘረጋው ማለት ነው። ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታነት ነው፤ እሱ ከሌለ ሌላው ጭራሽ የማይቻል ነገር።

ሦስቱ የግድ አብረው አይሄዱም። «አሁን የሆነ ነገር እየታየኝ ነው» የሚለው ሐሳብ እርግጠኛ ነው፤ ከሱ ተነስታችሁ ግን የትም አትደርሱም። ሳይተነፍሱ መናገር አይቻልም፤ የተናገራችሁት ነገር እውነት መሆኑን ግን ትንፋሻችሁ አያረጋግጥም። ስለዚህ ወረቀቱ አናት ላይ ሦስት ዓምድ ሥሩ፦ እርግጠኛ ነው? ምንጭ ነው? ቅድመ ሁኔታ ነው? ከዚህ በኋላ ስለ «እኔ» አንድ ነገር በሰማችሁ ቁጥር በየትኛው ሥር እንደሚወድቅ ምልክት አድርጉ። እዚህ ጉዳይ ላይ ሰው የሚሸወደው፣ ብዙ ጊዜም ራሱን የሚሸውደው፣ በአንደኛው ዓምድ የተገኘ ማስረጃ በሁለተኛው ሥር ሲመዘገብ ነው።

ጥርጣሬውን በደረጃ አካሂዱት

አሁን የምታምኗቸውን ነገሮች ጻፉ። ትልልቅ ነገር አትምረጡ። «ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ»፣ «ትናንት ማታ ዘግይቼ ተኛሁ»፣ «ጓደኛዬ ያስባል፣ ይሰማዋል»፣ «ሁለትና ሦስት አምስት ነው»፣ «ሰው መዋሸት የለበትም»። እንዲህ ዓይነቱ ይበቃል።

ቀጥሎ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ረኔ ዴካርት በ1641 ባሳተመው «ሜዲቴሽንስ» ላይ ያደረገውን ታደርጋላችሁ። ሰውየው እንዳገኘ አይጠራጠርም፤ ማጣሪያ ነበረው፣ ማጣሪያዎቹም ተራ አላቸው። መጀመሪያ ስሜት ህዋሳት አንዳንዴ ያታልላሉ ይላል። በዚህ የሩቁና የደበዘዘው ነገር ይሰረዛል፤ የተቀመጣችሁበት ወንበር ግን ይተርፋል። ቀጥሎ ሕልም ይመጣል። በሕልማችሁም ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ፣ ያን ጊዜም ሕልም መሆኑ አልታያችሁም። ወንበሩ ተሰረዘ። ሁለትና ሦስት ግን በሕልምም አምስት ነው። መጨረሻ ላይ ኃያልና ተንኮለኛ አታላይ ይመጣል፤ ቁጥር በደመራችሁ ቁጥር ጭምር የሚያሳስታችሁ። ሒሳቡም ሄደ።

አትቸኩሉ። ሰው ቶሎ ብሎ ወደ አታላዩ መዝለል ይወዳል፣ ምክንያቱም እሱ ጋ ያለው ነገር እንደ ፊልም ያዝናናል። እናንተ ግን ከእያንዳንዱ የተሰረዘ ነገር አጠገብ በየትኛው ማጣሪያ እንደተሰረዘ ጻፉ። ኋላ የሚያስፈልገን ይህ መዝገብ ነው።

ምን ተረፈ? አታላዩ እንዳሻው ቢያታልል፣ የሚታለል ሊኖር ይገባል። ዴካርት እዚህ አካባቢ የጥንቱን ግሪካዊ ሊቅ አርኪሜደስን ያነሳል፤ ምድርን ለማንቀሳቀስ አንድ የማይነቃነቅ ነጥብ ብቻ የጠየቀውን። ሁላችንም በቃላችን የምንለው «አስባለሁ፤ ስለዚህ አለሁ» በ1637 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው። በ1641ዱ ሁለተኛ ክፍል የሚለው ትንሽ ይለያል፤ «እኔ አለሁ» የሚለው ሐሳብ በተናገርኩት ወይም በአእምሮዬ በያዝኩት ቁጥር የግድ እውነት ነው ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ለምን ያህል ጊዜ ብሎ ራሱን ይጠይቅና፣ እስከማስብ ድረስ ብሎ ይመልሳል።

እዚህች ላይ ቆም በሉ። እስከማስብ ድረስ! ይህች ገደብ በብዙ ማጠቃለያዎች ውስጥ ተዘልላለች፣ ጉዱ ያለው ግን እሷ ውስጥ ነው። ከአንድ ደቂቃ በፊት ነበርኩ? የምታውቁት በትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ ከማጣሪያዎቹ አላመለጠም፣ መዝገባችሁን እዩት፤ «ትናንት ማታ ዘግይቼ ተኛሁ» ተሰርዟል። ስለዚህ እርግጠኛ የሆነው ነገር ታሪክ ያለው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የኖረ ሰው አይደለም። አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ ሐሳብ አለ፤ ያ ነው።

ነጥቡን ያገኘው ዴካርት ብቻ አይደለም። በ430 የሞተው የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ ከተሳሳትኩ አለሁ ብሎ ነበር፤ ተጠራጣሪዎችን አፍ ለማስያዝ። የፋርሱ ፈላስፋና ሐኪም ኢብን ሲና ደግሞ ከዴካርት ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ ባዶ አየር ላይ ተንሳፍፎ የተፈጠረ፣ ዓይኑ የተሸፈነ፣ እጁና እግሩ እንኳ እርስ በርስ የማይነካካ ሰው እንድናስብ ይጠይቀናል። ይህ ሰው አካል እንዳለው አያውቅም፤ መኖሩን ግን ያውቃል ይላል። ሁለቱም ሐሳቡን ለተወሰነ ሥራ ተጠቀሙበት እንጂ ፍልስፍናቸውን በሙሉ አልጫኑበትም። በእኔ ግምት ይህ ጥንቃቄ ነው።

የተረፈውን መዝኑት

አዲስ ወረቀት ላይ «እኔ» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ስለዚህ «እኔ» የምታውቁትን ደርድሩ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ መልክ፣ ጠባይ፣ ሙያ፣ ትዝታ፣ የምትወዱት ሰው፣ የምትፈሩት ነገር። አሁን የጥርጣሬውን መዝገብ አምጡና አስተያዩ። ስሙ ይሰረዛል። አካሉ ይሰረዛል። ትዝታው ይሰረዛል። ጠባይ እንኳ፣ «እኔ ትዕግሥተኛ ነኝ» የሚለው፣ ካለፈው የተሰበሰበ ግምት ስለሆነ ይሰረዛል። ስትጨርሱ ወረቀቱ ላይ የቀረው ርዕሱ ብቻ ነው።

ፈተናው የሚከብደው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም የተረፈው ቃል ድሮ ከምታውቁት «እኔ» ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቃሉ አንድ በመሆኑ ብቻ የተሰረዘው ሁሉ በጓሮ ተመልሶ ይገባል። «እኔ መኖሬ እርግጠኛ ነው» ብሎ የጀመረ ሰው ሦስት ዓረፍተ ነገር ሳይቆይ «ስለዚህ የኔ ፍላጎት፣ የኔ ሕይወት፣ የኔ ምርጫ» ማለት ይጀምራል። አቁሙት። ያ «እኔ» እኮ በሁለተኛው ማጣሪያ ወጥቷል።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሊክተንበርግ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከዚህም አልፎ ሄዷል። «አስባለሁ» ማለት ራሱ ይበዛል፤ መብረቅ ሲያበራ «ይበርቃል» እንደምንለው «ይታሰባል» ማለት ነው የሚገባን ይላል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኒቼም በ1886 ተመሳሳይ ነገር አንስቷል፤ ሐሳብ የሚመጣው እሱ ሲፈልግ እንጂ እኔ ስፈልግ አይደለም ብሎ። ይህን መፈተሽ ቀላል ነው፦ ቀጥሎ የሚመጣላችሁን ሐሳብ ከመምጣቱ በፊት ምረጡት እስቲ።

ለዴካርት ወገን ግን ፍትሐዊ እንሁን። «ይታሰባል» ብቻ ካላችሁ አንድ ነገር ሳይመለስ ይቀራል። «ሰው ሁሉ ሟች ነው» የሚል ሐሳብ አለ እንበል፤ «ሶቅራጥስ ሰው ነው» የሚል ሌላ ሐሳብ አለ። የመጀመሪያውን አንድ ሰው፣ ሁለተኛውን ሌላ ሰው ቢያስበው «ሶቅራጥስ ሟች ነው» የሚለው ድምዳሜ ማንም ጋ አይደረስም። ሁለቱ አንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። ይህን የሚያገናኛቸውን ነገር «እኔ» ማለት ስህተት አይደለም። ብቻ ያገኛችሁት አንድነት ነው እንጂ ነፍስ፣ ማንነት ወይም ስብዕና አይደለም።

ፈልጉት

አሁን ወረቀቱን አስቀምጡ። ዓይናችሁን ጨፍኑና «እኔ» የምትሉትን ራሱን ለማግኘት ሞክሩ። ቸኩላችሁ አትክፈቱ፤ ትንሽ ታገሡ።

መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ ብዙውን ጊዜ ድምፅ ነው፤ ውስጣችሁ «እሺ፣ እየፈለግኩ ነው» የሚል። ድምፁን ልብ በሉት። ይሰማል፤ የሚሰማ ነገር ከሆነ ደግሞ ሰሚው ሌላ ነው። ቀጥሎ ምናልባት ከዓይናችሁ ጀርባ፣ ግንባራችሁ ውስጥ የሆነ ውጥረት ይሰማችሁ ይሆናል፤ «እዚህ ነኝ» የሚያሰኝ። እሱም ስሜት ነው። አፍንጫችሁን ያሳክካችኋል። የሆነ ሰው ትዝ ይላችኋል። መሰልቸት ይመጣል። ያገኛችሁት ሁሉ የሆነ ነገር ነው፤ ሙቀት፣ ድምፅ፣ ምስል፣ ስሜት። ባለቤቱ አልተያዘም።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1739 የጻፈው ይህንኑ ነው። ወደ ራሴ ዘልቄ ስገባ ሁልጊዜ የምጋጨው ከሆነ ልዩ ስሜት ጋር ነው፤ ሙቀት ወይም ብርድ፣ ብርሃን ወይም ጥላ፣ ፍቅር ወይም ጥላቻ፤ ራሴን ያለ ስሜት ይዤው አላውቅም ይላል። ስለዚህ ሰው የስሜቶች ክምችት ነው ብሎ ደመደመ።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ፊኽቴ ደግሞ በየና ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በሌላ መንገድ ያስሞክር እንደነበር ተማሪው የነበረው ስቴፈንስ ጽፏል። «ግድግዳውን አስቡ» ይላቸዋል። ተማሪዎቹ ግድግዳውን ያስባሉ። «አሁን ደግሞ ግድግዳውን ያሰበውን አስቡ» ይላቸዋል። ክፍሉ ግራ ይጋባል። ሞክሩት። ግድግዳ ማሰብ ቀላል ነው። ግድግዳውን ያሰበውን ስታስቡ ግን እሱ የታሰበ ነገር ይሆንና፣ አሁን እሱን የሚያስበው ማነው የሚል ይከተላል። ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ይቀድማችኋል።

ከዚህ ሙከራ ሁለት የተሳሳተ ድምዳሜ አትውሰዱ። አንዱ «አላገኘሁትም፤ ስለዚህ የለም» ነው። የኦስትሪያው ፈላስፋ ቪትገንሽታይን በ1921 በታተመው መጽሐፉ እንዳለው፣ በምናየው መስክ ውስጥ ዓይኑ ራሱ አይታይም። አለመታየቱ አለመኖሩን አያሳይም። ሂዩም ራሱም በ1740 በጨመረው አባሪ ላይ በሐሳቡ እንዳልረካ በግልጽ ተናግሯል፤ ክምችት ከሆነ ምን አንድ ላይ እንደሚያስረው ማስረዳት አቃተው። ሁለተኛው ስህተት በተቃራኒው ነው፦ «አልያዝ አለ፤ ስለዚህ ረቂቅ፣ ከሁሉ የላቀ ነገር ነው»። ያልተያዘ ነገር አልተያዘም፤ በቃ። ክብር አትጨምሩለት።

«ቡድሂስቶች እኔ የሚባል የለም ብለው የለ፣ ታዲያ ምን ያደክመናል?» የሚልም ይኖራል። የነሱ ክርክር በዋናነት ያነጣጠረው ቋሚና ራሱን የቻለ «እኔ» ላይ ነው። ሐሳብና ስሜት መኖሩን አይክዱም። ስለዚህ የጀመርነውን ሥራ አያስቀርልንም።

ጭነት ጫኑበት

አሁን ቀዩን እስክሪብቶ አንሱ። ደንቡ ይህ ነው፦ በሰማያዊ «አሁን እያሰብኩ አለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ከሱ ተነስታችሁ የሰረዛችኋቸውን አንድ በአንድ ለመመለስ ሞክሩ። ሌላ ሐሳብ ማስገባት ካስፈለጋችሁ አስገቡ፤ ግን በቀይ ጻፉት። መጨረሻ ላይ ሥራውን የሠራው ሰማያዊው ይሁን ቀዩ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ወንበሩን መልሱ። ዴካርት እንዲህ አደረገ፦ ውስጤ ፍጹም ስለሆነ አምላክ ሐሳብ አለ፤ ይህን ሐሳብ እኔ ጎዶሎው ልፈጥረው አልችልም፤ ስለዚህ አምላክ አለ፤ አምላክ ደግሞ አያታልልም፤ ስለዚህ አጥርቼና ለይቼ የተረዳሁት እውነት ነው፤ ስለዚህ ዓለም አለ። ቀዩን ቁጠሩ። «ምክንያት ቢያንስ የውጤቱን ያህል እውንነት ሊኖረው ይገባል» ቀይ ነው። «ማታለል ጉድለት ነው» ቀይ ነው። «አጥርቶ የተረዱት ነገር እውነት ነው» ደግሞ ከሁሉ የባሰ ቀይ። ፈረንሳዊው የነገረ መለኮት ሊቅ አንትዋን አርኖ ወዲያው፣ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አብሮ በታተመ ተቃውሞው ያዘው፤ አምላክ መኖሩን የምናውቀው አጥርተን ስለተረዳነው ከሆነ፣ አጥርተን የተረዳነው እውነት መሆኑን የምናውቀው ደግሞ አምላክ ስላለ ከሆነ፣ ክብ እየዞርን አይደለም ወይ አለው። ዴካርት ዋስትናው የሚያስፈልገው አሁን ፊት ለፊት ለምናየው ሳይሆን ቀደም ሲል አጥርተን ላየነውና አሁን ለምናስታውሰው ነው ብሎ መለሰ። መልሱ ሞኝ አይደለም። ሆኖም ሸክሙን የተሸከመው አምላክ ነው እንጂ «እኔ» አይደለም፤ ለኛ ጥያቄ የሚበቃን ይኸው ነው።

በግዕዝ የተጻፈውን የዘርዓ ያዕቆብ «ሐተታ» ያነበበ ሰው እዚህ ጋ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። (ማን እንደጻፈው ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ያን ክርክር ለጊዜው እናቆየው።) እዚያም ዋሻ ውስጥ ያለ ሰው ብቻውን ሆኖ ይመረምራል፤ ማን ፈጠረኝ፣ ራሴን በራሴ ፈጠርኩ ወይ፣ ወላጆቼ ናቸው ብልስ የነሱን ወላጆች ማን ፈጠረ እያለ እስከ ፈጣሪ ይደርሳል። ዴካርትም በሦስተኛው ክፍል መኖሬን ያገኘሁት ከራሴ ነው ወይስ ከወላጆቼ ብሎ ይጠይቃል። የሁለቱ ክርክር በዝርዝሩ ይለያያል፤ ሁለቱም ግን «እኔ» ጋ ደርሰው አይቀመጡም። መኖሬ ራሱ ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር ነው ይላሉ። ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር ደግሞ በሁለተኛው ዓምድ፣ በምንጭነት ሥር፣ የመጨረሻው ሊሆን አይችልም።

አሁን ጓደኛችሁን መልሱ፤ «ያስባል፣ ይሰማዋል» ብላችሁ የጻፋችሁትን። ይህ ከወንበሩም ይከብዳል። ከሁሉ በድፍረት የሞከረው ፊኽቴ ነው። በ1794 እኔ ራሱን በራሱ ያቆማል ብሎ ጀመረና ሌላውን ሁሉ ከዚያ ለማውጣት ተነሳ። ግን እኔ ያልሆነውን ነገር የሚያስገባው ሁለተኛው መርህ በቅርጹ ከመጀመሪያው ሊወጣ እንደማይችል እሱ ራሱ ይናገራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ መብት ሲጽፍ ደግሞ ሰው ራሱን እንደ ነጻ ፍጡር የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲጠራው፣ አንተ ና ሲለው ነው ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። ተመልከቱ እንግዲህ፦ ሌላውን ሰው ከእኔ ላውጣ ብሎ የተነሳው ሰው፣ እኔን ለማግኘት ሌላ ሰው አስፈለገው። ፈላስፋው ሁሰርልም በ1929 ፓሪስ ላይ ስለ ዴካርት ካቀረበው ንግግር ተነስቶ ባሳተመው መጽሐፍ አምስት ክፍሎች አሉ፤ አምስተኛው ስለ ሌላ ሰው ነው፣ ከሁሉም የሚረዝመውም እሱ ነው። የሚረዝመው ያለ ነገር አይመስለኝም።

«ሰው መዋሸት የለበትም» የሚለውን መመለስ ሞክሩና ቶሎ ተስፋ ቁረጡ። ከ«አለሁ» ውስጥ «ይገባል» አይወጣም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ሕጉን የሚያወጣው የራሳችን ምክንያታዊነት ነው ይላል፤ ያ ምክንያታዊነት ግን የማንኛውም አሳቢ ነው። የናንተ ብቻ ቢሆንማ ለሌላው ሕግ አይሆንም ነበር።

ሦስተኛው ዓምድ ላይ ግን ምልክት ይገባል

እስካሁን ዓምዶቹ እንዲህ ናቸው፦ እርግጠኛ ነው፣ ግን ባዶ። ምንጭ አይደለም። ቅድመ ሁኔታስ?

እዚህ ላይ «እኔ» ያሸንፋል፣ በከፊል። ካንት መጀመሪያ በ1781 የወጣው «የንጹሕ አእምሮ ሂስ» የተባለው መጽሐፉ በ1787ቱ ዕትም «አስባለሁ» የሚለው ሐሳብ ከሐሳቦቼ ሁሉ ጋር አብሮ ሊሄድ የሚችል መሆን አለበት ይላል፤ ካልሆነ ሐሳቡ የኔ አይሆንም። ከላይ ሶቅራጥስን የጠቀስኩበት ምሳሌ ይህንኑ ነው የሚለው። ካንት ግን ወዲያው ያስጠነቅቃል፦ ይህን የአስተሳሰብ ቅርጽ ወስዳችሁ ነገር አታድርጉት፤ ቀላልና የማይፈርስ ነፍስ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። በዚሁ ዕትም ላይ ደግሞ ራሴን በጊዜ ውስጥ እንዳለሁ የማውቀው ከእኔ ውጪ የሚጸና ነገር ካለ ብቻ ነው ብሎ ይከራከራል። ቅድመ ሁኔታው ራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው ማለት ነው።

«እኔ» ከማሰብ ሊወጣ እንደማይችል በጣም ደስ የሚል ማሳያ ያለው አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ፔሪ በ1979 የጻፈው ነው። አንድ ሰው መደብር ውስጥ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ስኳር ያይና፣ ከረጢቱ የተቀደደበትን ሰው ልንገረው ብሎ ጋሪውን እየገፋ ዱካውን ይከተላል። በዞረ ቁጥር ዱካው ይወፍራል። በመጨረሻ ሲያየው የተቀደደው የራሱ ከረጢት ነው። ከዚያ በፊት «ስኳሩን የሚያፈስሰው ሰው ከረጢቱ ተቀዷል» የሚለውን ያውቅ ነበር። እንዲቆም ያደረገው ግን «እኔ ነኝ» የሚለው ነው። ይህን «እኔ» በስም፣ በመልክ፣ በአድራሻ ብትተኩት ሥራውን አይሠራም፤ የተባለው ሰው እሱ መሆኑን ካላወቀ መግፋቱን ይቀጥላላ! ስለዚህ «እኔ» ሊጣል አይችልም። ግን ልብ በሉ፤ ስኳር፣ ከረጢትና ሌላ ገበያተኛ የሚባል ነገር መኖሩን የነገረው «እኔ ነኝ» አይደለም።

ቋንቋችሁንም ጠይቁት

ይህ ክፍል አጭር ነው። የጥርጣሬ ወረቀታችሁን እንደገና እዩት። በምን ጻፋችሁት? በቃላት። «ወንበር»፣ «ሕልም»፣ «መታለል» የሚሉትን ቃላት ትርጉም ሰርዛችኋል? አልሰረዛችሁም፤ ብትሰርዙ ኖሮ ጥርጣሬው ራሱ ትርጉም አይኖረውም ነበር። ቪትገንሽታይን በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት በጻፋቸው ማስታወሻዎች የሚለው ይህን ነው፤ በምንም ነገር እርግጠኛ ያልሆነ ሰው በቃላቱ ትርጉምም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

የዴካርት ወገን መልስ አለው፦ ቋንቋን ከሰው መማሬ ሌላ፣ የማውቀውን የማረጋግጥበት ቅደም ተከተል ሌላ። ልክ ነው፤ ከማን ተማርክ የሚለው ብቻውን ክርክር አያሸንፍም። የሚያሸንፈው ሌላው ነው፦ «እኔ» የሚለውን ቃል በትክክል ወይም በስህተት እየተጠቀምኩ መሆኑን የምለይበት ነገር ከሌለ፣ «ትክክል» የሚለው ቃል ሥራ ፈት ይሆናል። ለኔ ትክክል የመሰለኝ ሁሉ ትክክል ከሆነ፣ ትክክል የሚባል ነገር የለም።

ብትጣበቁስ?

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሞክር ጭንቅ ውስጥ ይገባል፤ ከራሴ በቀር ማንም ባይኖርስ ይላል። ያን ጊዜ ወደ ሁለተኛው ወረቀት ተመለሱ። «ከራሴ በቀር» ያላችሁት የትኛውን ራስ ነው? ስም፣ ትዝታና ስጋት ያለውን ከሆነ እሱም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ተሰርዟል፤ ሌሎቹን አስወጥታችሁ እሱን ብቻ ማስቀረት አትችሉም። ባዶውን ከሆነ ደግሞ «ብቻውን ነው» ለማለት እንኳ ይዘት የለውም። ጥርጣሬው ለሁሉም እኩል ይሠራል፤ ለናንተ ቅናሽ የለውም።

ሌላው የሚያጣብቀው «መሠረት ከሌለ ሁሉም ይፈርሳል» የሚለው ፍርሃት ነው። ይህንንም በቀይ ጻፉት። እውቀት የግድ አንድ ነጥብ ላይ መቆም አለበት የሚለው ራሱ ከ«አለሁ» አልወጣም፤ ሲጀመር ይዘነው የመጣነው ግምት ነው። እርስ በርስ የሚደጋገፉ፣ እየታረሙ የሚሄዱ ብዙ እምነቶች ለምን እንደማይበቁ ያስረዳችሁ ሰው ካለ ስሙት፤ ካላስረዳ ግን ፍርሃቱን ብቻ አትቀበሉት።

ከዚህ ወደ ንባብ መግባት የፈለገ ከዴካርት ሁለተኛ ክፍል ይጀምር፤ አጭር ነው፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ቀጥሎ የአርኖን ተቃውሞ ከዴካርት መልስ ጋር አብሮ ያንብብ፤ መልሱን ሳያነቡ ዴካርት ተሸነፈ ማለት አግባብ አይደለም። ከዚያ ሂዩም፣ አባሪውን ሳይዘሉ። ካንትን በመጀመሪያ አትክፈቱ። ስትደርሱበትም ስለ ነፍስ የተሳሳቱ ድምዳሜዎችን የሚተችበትን ክፍል በ1787ቱ ዕትም እንጂ በ1781ዱ አትጀምሩት፤ ካንት ራሱ እንደገና ጽፎ በጣም አሳጥሮታል። ቀዩ እስክሪብቶም አጠገባችሁ ይሁን።